ገደሉን ከታች ሆናችሁ እዩት

ልጆቼ፣ ካርታ ሥራ የጀመራችሁ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሳባ ሸለቆ ላውራችሁ።

አፋር ውስጥ ከበርሃሌ ወደ ሐመድ ኤላ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። አርሆዎች፣ ማለትም የጨው ነጋዴዎች፣ አሞሌ የጫኑ ግመሎቻቸውን እየነዱ ከዳሎል በኩል ወደ ደጋ ሲወጡ የኖሩበት መንገድ ነው። አንዳንድ ቦታ ግድግዳው በጣም ስለሚጠብ ቀና ስትሉ ሰማዩ መቀነት ያክላል።

በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን አብዛኛውን የምድር የብስ በራዳር ለካች። ዛሬ በነፃ አውርዳችሁ ኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር፣ የምታወጡበት መረጃ ከዚያ የመጣ ነው። ጥሩ መረጃ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ነጥቦቹ በ30 ሜትር ገደማ የተራራቁ ናቸው፤ ራዳሩም ወደ ጎን ስለሚያይ ገደሉ ከጀርባው ያለውን ይጋርድበታል። 20 ሜትር የሚሰፋ ሸለቆ እዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም ክፍተቱን በግምት ሞልቶ ያማረ መስመር ይሰጣችኋል። ገደላማ አገር ላይ ያማረ መስመር ካያችሁ ጠርጥሩ።

እኔ አፋር ውስጥ የውሃ ነጥቦች በጂፒኤስ ወስጄ 1:50,000 ካርታ ላይ አሰፈርኩ። ጂፒኤሱ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነበር፣ ካርታው በአዲንዳን፤ ሁለቱ ቦታ የሚለካባቸው የተለያዩ መነሻዎች ናቸው። ሳልቀይረው ቀረሁ። በእኛ አገር የአንድ ቦታ የዩቲኤም ቁጥር፣ ማለትም በሜትር የሚሰጠው የቦታ አድራሻ፣ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። በኋላ ያንን ካርታ ይዘን ውሃ ፍለጋ ስንሄድ ያደረሰን ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከሥራችን ፍየሎች ሲጠጡ ይታየናል፣ ጀሪካናችን ባዶ ነው፣ መውረጃ ደግሞ የለም። ዞረን እስክንደርስ መሸ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ረዳት ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ያወጣ ነበር። እስካሁን ፊቱ አይጠፋኝም።

ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ዳጉ ጠይቁ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ የት እንደዘነበ፣ የቱ ውሃ እንደደረቀ ያውቃሉ። ሰማዩ ጠራ ብላችሁም ሸለቆው ወለል ላይ እንዳታድሩ፤ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ደራሹ የት ድረስ እንደሚወጣ እረኞቹ ያሳዩአችኋል፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተሰካውን ጭራሮ ሳይቀር። ያንን ከፍታ ለኩትና ካርታው ላይ አስገቡት።

የቦታውንም ስም ከእነሱ ውሰዱ። ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቁ፣ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። ሦስቱም እስኪስማሙ በእርሳስ ይቆይ።