ኤልክ ለማደን መጀመሪያ ለሚወጡ፦ ጥያቄና መልስ ከኮሎራዶ ተራሮች

መስከረም ሲጠባ ስልኬ አያርፍም። ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ ልጆች «ጋሼ፣ ዘንድሮ እኔም ልሞክር ነው» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ግን ደግሞ እጨነቃለሁ። አብዛኞቹ የሚወጡበትን ተራራ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። እኔ እዚህ አሥራ አንድ ወቅት አድኛለሁ። ስድስት ጊዜ ሥጋ ይዤ ተመልሻለሁ፣ አምስት ጊዜ ባዶ እጄን። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ኤልክ ማለት አጋዘን ነው?

አይደለም። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል። ኤልክ የዋላ ወገን ነው፤ መዝሙረ ዳዊት ላይ ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀው የዋላ ዘመድ። ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ሲያድግ 300 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ይህን ክብደት ያዙት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮሎራዶ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ፈቃድ እንዴት ላውጣ?

ስድስት ወር ያለማቋረጥ ከኖርክ እንደ ነዋሪ ትቆጠራለህ። ለነዋሪ ፈቃዱ ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ከ700 ዶላር በላይ። መጀመሪያ ግን የአዳኝነት ኮርስ ውሰድ። ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ ለተወለደ ሁሉ ግዴታ ነው። ፈቃድ በዕጣ ለማግኘት የሚገባው ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ኤፕሪል መግቢያ ላይ፣ በእኛ መጋቢት መጨረሻ ነው። እሱ ካመለጠህ፣ የጠመንጃ አደን ወቅቱ በዙር የተከፋፈለ ነውና፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ያለ ዕጣ የሚሸጥ የወንድ ኤልክ ፈቃድ ያላቸው አካባቢዎች አሉ። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚነካካ የዘንድሮውን መመሪያ ራስህ አንብብ። የእኔን ቃል ብቻ ይዘህ አትውጣ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። የመኖሪያ ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ግን ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። በአደን ምክንያት ወረቀቱ እንዲበላሽበት አልፈልግም።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ከፍታ ያስቸግረኛል?

ያስቸግርሃል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ዴንቨር 1,600 ብቻ። እዚህ ጥቂት ዓመት መኪና ስትነዳ ከኖርክ ሰውነትህ የእንጦጦን አየር ረስቶታል። ኤልክ ደግሞ በዚያ ወቅት ከ2,700 እስከ 3,500 ሜትር ላይ ነው የሚገኘው። ከሰኔ ጀምሮ ቦርሳህ ውስጥ 15 ኪሎ የሚሆን ነገር ጨምረህ ዳገት ውጣ። እኔ የጤፍ ከረጢት ነበር የምሸከመው። ወቅቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው እዚያው ከፍታ ላይ ደርሰህ እደር። ራስ ምታቱ ከጠና፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ወዲያው ውረድ።

አይቼው የማላውቀው ተራራ ላይ ኤልክ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ካርታውን ቤትህ ቁጭ ብለህ ጀምር። የመሬቱን ባለቤት በቀለም የሚለይ የስልክ ካርታ አለ፤ ኢንተርኔት ስለማይኖር አስቀድመህ ስልክህ ላይ ጫነው። ኮሎራዶ ውስጥ የግል መሬት ላይ ለማደን አጥርም ምልክትም ባይኖር የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግሃል።

ከዚያ ሦስት ነገር ፈልግ፦ ሣር፣ ውኃ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ። ኤልክ ማታና ንጋት ሣር ላይ ይግጣል። ፀሐይ ሲወጣ ወደ ጨለማው ጫካ ይገባል። ጫካው ብዙ ጊዜ ወደ ሰሜን በሚያይ ተዳፋት ላይ ነው፤ ፀሐይ ስለማያገኘው ይቀዘቅዛል፣ ዛፉም ይደፍናል። መስከረም ላይ ወንዱ እንደ ዋሽንት እየጮኸ ራሱን ያጋልጣል። በጠመንጃ ወቅት ግን ዝም ይላል። ሰው በበዛበት መጠን ከመንገድ ይርቃል። ስለዚህ ከመኪና መንገድ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ሜትር የራቁ አምስት ቦታዎች ምረጥ። አንዱ ላይ ሰው ካገኘህ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለህ።

ነፋስን አትናቅ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ መንጋ ከእኔ በላይ ተኝቶ አየሁ። ልቤ መታ። ቀጥ ብዬ ከታች ወጣሁባቸው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አንዲቱ ሴት አንገቷን አቀናች፣ አፍንጫዋን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ የቅርንጫፍ ስብራት ድምፅ ብቻ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ የዱቄት ጠርሙስ ኪሴ ውስጥ አለች። በየጊዜው ቆንጠር አድርጌ እበትናለሁ፤ ዱቄቱ ወደሚሄድበት ሽታዬም ይሄዳል።

ምን ዓይነት ጠመንጃ ልግዛ?

ውድ አትግዛ። ሕጉ ለኤልክ የጥይቱ ውፍረት ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ይሁን ይላል። ሠላሳ-ዜሮ ስድስትና ሰባት ሚሊሜትር ማግነም የሚባሉት የተለመዱ የጥይት ዓይነቶች ይበቃሉ። ገንዘቡን ለጥይትና ለልምምድ አውለው። ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ኢላማ መምታት ማንም ይችላል። አንተ ተንበርክከህ፣ ዳገት ሮጠህ እያለከለክህ ሞክር። በዚያ ሁኔታ 150 ሜትር ላይ ካልመታህ፣ ተራራውም ላይ ከ150 ሜትር አትተኩስ።

ከመተኮስህ በፊት ምን እንደሆነ አረጋግጥ። ሙዝ የሚባለውን ትልቅ እንስሳ ኤልክ መስሏቸው የሚገድሉ አሉ። ብዙ ቦታ ደግሞ የምትገድለው ወንድ ኤልክ በአንድ ወገን ቀንዱ ቢያንስ አራት ቅርንጫፍ፣ ወይም ከግንባሩ ላይ አምስት ኢንች የሚሆን ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል።

ልብስስ?

ጥጥ አትልበስ፣ ሱፍ ልበስ። ጥጥ ከረጠበ ብርዱን ወደ አጥንት ያስገባል። ጥቅምት ላይ በረዶ ይጥላል። ከወገብ በላይ 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ፣ ባርኔጣም ጭምር፣ በጠመንጃ ወቅት ግዴታ ነው። ጫማውን ሰኔ ላይ ግዛና እግርህን አስለምደው።

ረቡዕና ዓርብ ምን እበላለሁ?

ይህን የጠየቀችኝ እህት አስደስታኛለች። የእኛ የመንገድ ስንቅ እኮ ለተራራ የተሠራ ነው። በሶ በውኃና በስኳር፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በዘይት፣ ለውዝ። እሳት አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ አይበላሽም። ውኃው በላስቲኩ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን ሌሊት መኝታህ ውስጥ አስገባው።

ከወደቀ በኋላስ?

አሁን ወደ 300 ኪሎው እንመለስ። ብቻህን ከሆንክ ሥጋውን ለማውጣት አራት አምስት ጊዜ ትመላለሳለህ። አንዱ ታፋ ብቻ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ሥጋውን ማውጣት የማትችልበት ገደል ውስጥ ከሆነ ቀንዱ ምንም ያህል ቢያምር አትተኩስ። የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መሄድ በሕግም ያስቀጣል።

ቆዳው ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ቀኑ ቢቀዘቅዝም ሥጋው ከአጥንቱ ጀምሮ ይሸታል። ቶሎ ግፈፍ። የላይኛውን ወገን ታፋና ወርች አውጣ፣ ሽንጡን አንሳ፣ ገልብጠህ ሌላውን ድገም። በሬ አርዶ ብልት ያወጣ ሰው አይቸገርም። አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ጥላ ውስጥ ስቀል። ፆታውን የሚያሳየውን ብልት ከአንዱ ታፋ ጋር አያይዘህ ተው፤ ተቆጣጣሪ ይጠይቅሃል።

ክትፎ ይሆናል? ቅርጫስ?

ጥሬውን አትብሉ። ለብለብም ቢሆን ይቅር። የዱር ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ይችላል፤ በደንብ ይብሰል። ስብ ስለሌለው ለጥብስ ቅቤ አትሰስቱ። ዋላዎችን የሚገድል የአንጎል በሽታም በኮሎራዶ አለ፤ ናሙና አስመርምሩ፣ አንጎልና የጀርባ ሰረሰር አትንኩ።

ቅርጫ ግን ገንዘብ ካለበት አይቻልም። የዱር ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ለጓደኛ በስጦታ ስጡ፤ ከማን እንደተሰጠና የፈቃዱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይሂድ።

ስለ ሃይማኖቱ የጠየቃችሁ፣ ኤልክ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላን ከሚበሉት ይቆጥረዋል። በጥይት ስለወደቀው ግን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔም ጠይቄ ነው የጀመርኩት።

ባለቤቴ ተጨንቃለች። ምን ልበላት?

ቃል ሳይሆን ወረቀት ስጣት። መኪናህ የሚቆምበትን ቦታ፣ የታርጋ ቁጥር፣ አምስቱን ቦታዎች በካርታ ላይ፣ የምትመለስበትን ቀንና ሰዓት ጻፍ። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራይ ወይም ግዛ። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ «ደህና ነኝ» በላት። እስከ ንጋት ካልሰማች ለዚያ ካውንቲ (ወረዳ) ሸሪፍ፣ ማለትም ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ፣ ትደውል፤ ስልኩን ወረቀቱ ላይ ከላይ ጻፍላት። የእኔ ባለቤት ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ትለጥፈዋለች። መኪናው ግቢ ሲገባ ሰምታ ራሷ ታነሣዋለች።