ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ አንድ የልጅ ብስክሌት፣ ከኋላ ካምፐር ተሳቢ፦ የት ይጫኑ?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ባለ አንድ አክስል (የጎማ ዘንግ) ካምፐር ተሳቢ፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ካራቫን አላቸው፤ ዕቃው ሁሉ ተጭኖበት 1000 ኪሎ ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ 70 ኪሎው የሚያርፈው በመኪናው ጋንቾ ኳስ (ተሳቢው በሚያያዝበት ክብ ብረት) ላይ ነው። መኪናው ኳሱ ላይ የሚችለው እስከ 100 ኪሎ ነው። 25፣ 25 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና አንድ 9 ኪሎ የልጅ ብስክሌት መጫን ይፈልጋሉ። መስቀያ ገዝተው ተሳቢው የኋላ ባምፐር ላይ ሊያስሩ አስበዋል፤ ጥያቄያቸው «ይሆናል ወይ?» የሚል ነው።

አይሆንም። ከሁሉም አማራጮች የከፋው እሱ ነው። ሰው የሚመርጠው ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚታየው ነው፣ ግን ያለ ምክንያት ባዶ አልተተወም።

ሒሳቡን እንየው። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ እንደ ሚዛን ነው የሚቆመው፤ ከአክስሉ ኋላ የተጫነ ነገር ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ከአክስሉ እስከ ኳሱ 4 ሜትር፣ ከአክስሉ እስከ ኋላው ግድግዳ 2 ሜትር ነው እንበል። ባትሪያቸው የወጣላቸው ሁለቱ ብስክሌቶች 44 ኪሎ፣ መስቀያው 16 ኪሎ፣ ድምሩ 60 ኪሎ ይሆናል። የብስክሌቶቹ መሐል ከግድግዳው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ስለሚውል ከአክስሉ 2.7 ሜትር ይርቃል። 60 በ2.7 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 40 ኪሎ ይመጣል። ይህ 40 ኪሎ ከኳሱ ላይ የሚነሳው ክብደት ነው። 70 የነበረው 30 ሆነ ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ክብደት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለቀላል ካራቫኖች በአብዛኛው የሚመከረው ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ ከበድ ላሉት የአሜሪካ ዓይነት ተሳቢዎች ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ፊቱ የቀለለ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር ጭራውን ግራና ቀኝ መምታት ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞ ይሄዳል።

«ታዲያ ፊት ለፊት ከባድ ዕቃ ጨምሬ ላመጣጥነው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ኳሱ ላይ ያለው ቁጥር በእርግጥ ይስተካከላል። ነገር ግን አንዴ የተወዛወዘ ተሳቢ ለመርጋት የሚቸገረው ክብደቱ ከአክስሉ በራቀበት ርቀት ልክ ሳይሆን በርቀቱ ስኩዌር ነው። ያው 60 ኪሎ ከአክስሉ ግማሽ ሜትር ላይ ከሚቀመጥ ይልቅ 2.7 ሜትር ላይ ሲንጠለጠል ጫናው 29 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም ጫፉ የከበደ ተሳቢ ሚዛን ላይ ሲወጣ ልክ ነው፤ የጎን ንፋስ ሲመታው ወይም ትልቅ አውቶብስ በአጠገቡ ሲያልፍ ግን ቶሎ አይረጋም።

ባምፐሩም ራሱ ለዚህ አልተሠራም። ብዙዎቹ ካምፐሮች ላይ ያለው 10 በ10 ሴንቲ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው፤ ብረቱ ስስ ነው፣ ውስጡ የፍሳሽ ቱቦ ይቀመጥበታል፣ በሁለት ቦታ ብቻ ሻንሲው ላይ ተበይዷል። ስኮርታ ጎማውም እዚያው ላይ ታስሮ ከሆነ ድርሻውን ጨርሷል። የተሳቢ ኋላ ከመኪና ኋላ ይበልጥ ይዘላል፤ እያንዳንዱ ዝላይ ብየዳውን ትንሽ ያጥፈዋል። ተጎንብሰው ብየዳው ከሻንሲው የሚገናኝበትን ጠርዝ በባትሪ ቢያዩት መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ነው፤ ቀጥሎ ከመስመሩ ቡናማ የዝገት ውሃ ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ባምፐር ምንም አይጫንበትም። ለመኪና ጋንቾ የተሠሩ ብዙ መስቀያዎች መመሪያቸው ላይ ተሳቢ ኋላ እንዳይገጠሙ የሚከለክሉትም በዚሁ ዝላይ የተነሳ ነው። ኋላ ላይ የግድ ከሆነ መስቀያው ከሁለቱ የሻንሲ ብረቶች ጋር የሚያያዝ፣ የተሳቢው አምራች የፈቀደው መሆን አለበት። ሻንሲው ቀጭንና ዚንክ የተለበጠ ከሆነ በራስ ውሳኔ መብሳትም መበየድም አይገባም፤ ጥንካሬውም የዝገት መከላከያውም ይበላሻል።

ታዲያ የት? ለእርስዎ ጭነት የመጀመሪያ ምርጫዬ የተሳቢው ውስጥ፣ አክስሉ ላይ ነው። ክብደቱ መሐል ላይ ስለሚያርፍ ኳሱ ላይ ያለው ቁጥር እምብዛም አይነቃነቅም፤ ዝናብ፣ አቧራና ሌባም አያገኛቸውም። አስቸጋሪው በሩ ነው። ብዙ ካራቫኖች በራቸው ጠባብ ስለሆነ የብስክሌቱን መሪ የያዙትን ብሎኖች አላልተው መሪውን ከፍሬሙ ጋር ትይዩ ማዞር ወይም የፊት ጎማውን ማውጣት ያስፈልጋል። የፊት ጎማ ሲወጣ ሁለት ነገር አይርሱ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሐል የፕላስቲክ ወይም የወፍራም ካርቶን ቁራጭ ይሰንቅሩ። ያለዚያ ጉዞ ላይ የፍሬኑ እጀታ በሆነ ነገር ሲጫን ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀሩና ሲደርሱ ዲስኩ አይገባም። ሁለተኛው፣ የጎማውን መወርወሪያ ብረት መልሰው ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ላይ ይግጠሙት፤ ፎርኩ ከጎን ሲጫኑት እንዳይጎብጥ ይከላከላል፣ ብረቱም አይጠፋም። ወለሉ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ያንጥፉና ብስክሌቶቹን ወለሉ ላይ ከተገጠመ ቀለበት ጋር ሁለት ቦታ ይሰሩ። የቁም ሳጥን እግርና የጠረጴዛ ማጠፊያ ማሰሪያ አይሆኑም፣ በአንድ ኃይለኛ ፍሬን ይነቀላሉ። የተሳቢው የጭነት ገደብ ይህን 44 ኪሎ የሚችል መሆኑንም ሰሌዳው ላይ ያረጋግጡ።

ውስጡ ካልበቃ ቀጣዩ የተሳቢው መጎተቻ ክንድ ላይ፣ ከፊት ግድግዳው ቀድሞ የሚገጠም መስቀያ ነው። ለከባድ ብስክሌት ይመቻል፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንሳት አያደክምም። እዚህ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ኳሱ ይከብዳል። መስቀያው ከኳሱ 80 ሴንቲ ወደ ኋላ ቢቀመጥ ከአክስሉ 3.2 ሜትር ይሆናል፤ 60 በ3.2 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 48 ኪሎ ይጨምራል። 70 የነበረው 118 ሆነ፣ ከመኪናው ገደብ አለፈ። መፍትሔው ከፊት ሳጥኑ ውስጥ ዕቃ ማንሳት ነው። ከአክስሉ 3 ሜትር ፊት ለፊት ያለ 40 ኪሎ ዕቃ (የድንኳን መዘርጊያ፣ መሣሪያ፣ ውሃ) አክስሉ ላይ ሲወርድ ኳሱ በ30 ኪሎ ይቀላል፤ 88 ኪሎ ላይ ይቆማል። ከገደቡ በታች ነው፣ በመቶኛም 8 ገደማ፣ ከሚመከረው 7 ጥቂት ብቻ ያለፈ ነው። ጥሩ ነው። የክሪኩ እጀታ መዞሩን፣ የጋዝ ሳጥኑ መከፈቱን፣ የመኪናው የኋላ በር መነሳቱን ደግሞ ከመግጠም በፊት ይሞክሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው መታጠፍ ነው፣ ብዙ ብስክሌት የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። መኪናውና ተሳቢው የሚዞሩት በአንድ ነጥብ፣ በኳሱ ላይ ነው። ስለዚህ ተሳቢው ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከኳሱ ያለው ርቀት ቢታጠፉም፣ ጉድጓድ ቢገቡም፣ ጉብታ ቢወጡም አይቀየርም። አንድ ሙሉ ብስክሌት ወደ 1.75 ሜትር ይረዝማል፤ መሐሉ ክንዱ ላይ ሲቀመጥ ጎማው ግራና ቀኝ 87 ሴንቲ ይወጣል። መስቀያው ከኳሱ 50 ሴንቲ ብቻ ወደ ኋላ ቢሆንና የመኪናው ጀርባ ከኳሱ 25 ሴንቲ ወደ ፊት ቢሆን፣ ጎማው መኪናውን የሚነካው ተሳቢው ወደ 45 ዲግሪ ሲታጠፍ ነው። መስቀያው 80 ሴንቲ ላይ ሲሆን እስከ 55 ዲግሪ ይሄዳል። ወደ ፊት ሲነዱ እዚያ አይደርሱም፤ ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን በጥቂት ሰከንድ ይደርሳሉ። ስለዚህ መስቀያውን ግድግዳው እስከፈቀደ ድረስ ወደ ኋላ ያድርጉት፣ ወደ ኋላ ሲመልሱም ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር።

ይኸው የኳስ ልኬት ሌላውን አማራጭ ለመመዘንም ይጠቅማል፤ ማለቴ በመኪናውና በተሳቢው መሐል፣ ከጋንቾው ላይ የሚሰካውን መስቀያ ነው። የሜትሩን ጫፍ ኳሱ ላይ ይያዙና በቀጥታ መስመር ከኳሱ እጅግ የሚርቀውን የብስክሌት ጫፍ ይለኩ። ቀጥሎ በዚያ ከፍታ ላይ ለኳሱ እጅግ የሚቀርበውን የተሳቢ አካል ይለኩ፤ የጋዝ ሳጥን፣ የክሪክ ራስ፣ የፊት ግድግዳ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በ20 ሴንቲ ካነሰ በምንም ማዕዘን አይገናኙም። ካልሆነ አይግዙት። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ለመስቀያው ቦታ እንዲገኝ ኳሱን ወደ ኋላ የሚያስረዝመው የማስረዘሚያ ብረት ነው። ኳሱ በራቀ ቁጥር ያው ክብደት ጋንቾውን በበለጠ ጉልበት ይጠመዝዘዋል፣ የመኪናውን ፊትም ያቀልለዋል፤ ስለዚህ ማስረዘሚያ ሲገባ የጋንቾው አቅም ብዙ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። የእርስዎ 100 ኪሎ 50 ይሆናል፣ ተሳቢው ብቻውን 70 ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ሌሎች የሚሞክሩት ካሉ ደግሞ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ጎማ ከማርሚታው ጫፍ ፊት ለፊት እንዳይውል ይጠንቀቁ፤ ትኩሱ ጭስ ጎማውን ያቀልጠዋል።

የመኪናው ጣሪያ ለልጁ ብስክሌት በቂ ነው። ለኤሌክትሪኮቹ ግን አይሆንም። የብዙ መኪኖች የጣሪያ ገደብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፣ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም በውስጡ ይቆጠራል፤ የአንድ ብስክሌት መያዣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳል። 25 ኪሎ ብረት ከራስ በላይ ማንሳትም ወገብ ይጎዳል፣ የመኪናውን ቀለምም ይፍቃል። አዋቂ ብስክሌት ጣሪያ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ጠቅላላ ከፍታቸውን ለክተው ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፉ። 1.5 ሜትር መኪና ላይ የቆመ ብስክሌት ወደ 2.7 ሜትር ይደርሳል፤ የሚጎትቱት የሚታጠፍ ዝቅተኛ ካምፐር ከሆነ ከፍተኛው ነጥብ ብስክሌቱ ነው፣ ሹፌሩም ይረሳዋል። የሚታጠፈው ካምፐር ጣሪያ ላይ ብስክሌት ተጭኖ ከሆነ ጣሪያውን ከማንሳት በፊት ይውረድ፤ የማንሻው ኬብልና ስፕሪንግ የተሠሩት ለጣሪያው ክብደት ነው።

አስተሳሰር ላይ። ባትሪውን፣ ስክሪኑን፣ ቦርሳውን፣ ፓምፑን፣ የልጅ መቀመጫውን ሁሉ ያውጡና መኪና ውስጥ ያስገቡ፤ የባትሪውን መሰኪያ ውሃ እንዳይገባው ይሸፍኑ። መያዣው ፍሬሙን የሚቆነጥጥ ከሆነ የካርቦን ፍሬም አይያዝበትም፣ በጎማ የሚይዝ ይፈለጋል። ሁለቱም ጎማዎች በቀበቶ ይታሰሩ፤ መሪው ከፍሬሙ ጋር ይታሰር፤ ፔዳሉ የጎረቤቱን ብስክሌት እንዳይወጋ በአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ ይታሰር። ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ ሁሉ የቧንቧ መሸፈኛ ስፖንጅ ይግባ። የቀበቶ ትርፍ ጫፍ ይታሰር፤ በነፋስ የሚርገበገብ ቀበቶ ቀለም ይፍቃል፣ ራሱንም ያላላል። ብስክሌቱን ሙሉ መሸፈኛ አልብሶ መንዳት አይመከርም፤ ነፋስ እንደ ሸራ ይሞላውና መስቀያውን ይጎትታል። ክንዱ ላይ ያለ መስቀያ ግን ወደ ጎን ከተሳቢው ግድግዳ እንዳያልፍ፣ በስፔኪዮም እንዲታይ ያድርጉ። ኋላ የሚጭን ሰው ታርጋው፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ካልታየ ተጨማሪ የመብራት ሰሌዳ ያስፈልገዋል።

ከመነሳትዎ በፊት ኳሱ ላይ ያለውን ክብደት በሚዛን ይለኩ፣ በግምት አይሂዱ። የቤት ሚዛን ይበቃል። ሜዳ ላይ ሆነው ተሳቢውን እንደተጎተተ ያህል ቀጥ ያድርጉትና ጫፉን በቁራጭ እንጨት አስደግፈው ሚዛኑ ላይ ያሳርፉ። ሚዛኑ ካልቻለው ጠንካራ ሳንቃ አንድ ጫፉን ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ ያድርጉ። የተሳቢው ጫፍ ከድንጋዩ 30 ሴንቲ፣ ከሚዛኑ 60 ሴንቲ ላይ ይረፍ፤ የሚያነቡትን ቁጥር በ3 ያባዙት። ይህ ክብደት የመኪናው ጭነት ተደርጎ እንደሚቆጠር፣ ከተሳፋሪና ከጓዝ ጋር እንደሚደመርም ያስታውሱ።

ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እንደነዱ ይቁሙና ቀበቶና ብሎን ሁሉ በእጅዎ ይፈትሹ፣ አዲስ ቀበቶ መጀመሪያ ላይ መላላቱ አይቀርም። ከዚያ በየማረፊያው። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጅ መስጫውን ይልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ በመሪ ልታገለው አይበሉ፣ የመኪናውን ፍሬንም በኃይል አይርገጡ። የተሳቢው ኤሌክትሪክ ፍሬን በእጅ የሚሠራ ማዘዣ ካለው እሱን ብቻ በቀስታ ይጫኑ። ከረጋ በኋላ ቆመው ጭነቱን ወደ አክስሉ ሳያስጠጉ ጉዞውን አይቀጥሉ።