ነበልባልና ግፊት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ «ግፊት» ስትሉ የትኛውን እንደሆነ ለዩ። የቧንቧው ጋዝ ግፊት ሌላ፣ ነበልባሉ የሚነድበት አየር ግፊት ሌላ ነው።

ጠያቂ ሀ፦ ግፊት ሲጨምር ነበልባል ለምን ይጠፋል?

መልስ፦ የትኛው ግፊት?

ጠያቂ ሀ፦ የቧንቧው፣ መምህር። ቫልቩን ስከፍተው ነበልባሉ ከማቃጠያው አፍ ተነሥቶ ይንሳፈፍና ይጠፋል።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ነበልባል ወደሚመጣው ጋዝ የሚገሰግስበት የራሱ ፍጥነት አለው፤ ለሜቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) እና አየር ድብልቅ በተለመደው ግፊት ቢበዛ በሰከንድ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጋዙ አብዝቶ ከፈጠነ ነበልባሉን ገፍቶ ያነሣዋል። ከዘገየ ደግሞ ነበልባሉ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ይህኛው ይከፋል። የማቃጠያውን ቀዳዳ አታስፉ! ከ2 ሚሊሜትር በጠበበ ቀዳዳ ግድግዳው ሙቀቱን ስለሚቀማው የሜቴን ነበልባል አያልፍም።

ጠያቂ ለ፦ የአካባቢው ግፊት ሲጨምርስ? ፍጥነቱ ይጨምራል አይደል?

መልስ፦ ይቀንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ለሜቴን ግፊቱ 4 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ግድም ይወርዳል። ጋዙ ስለታመቀ ግን የሚነደው ነዳጅ በክብደት ይበልጣል። ነበልባሉም ይሳሳል፤ የሳሳ ነበልባል ደግሞ ቶሎ ይጨማደዳል።

ጠያቂ ሐ፦ ተራራ ላይ ሻማ የሚደበዝዘው ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ስለሚያንስ ነው።

ጠያቂ መ፦ መቶኛውማ አይለወጥም! የሚሳሳው አየሩ ነው።

ጠያቂ ሐ፦ ያው ነው።

መልስ፦ ያው አይደለም፤ መ ልክ ነው። ቢጫው ብርሃን የጋለ ጥላሸት ነው፤ ግፊት ሲቀንስ ጥላሸቱ ያንሳል። ሻማው ይብቃን።

ጠያቂ ሠ፦ የትኛውን ማቃጠያ ልግዛ?

መልስ፦ አልመልስም።

ጠያቂ ለ፦ ነበልባል ቱቦ ውስጥ የሚያፏጨውስ?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር! ዥዋዥዌን አስቡ፤ በወቅቱ ከገፉት ይወነጨፋል፣ ያለወቅቱ ከገፉት ይቆማል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ራይሊ በ1878 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሙቀቱ የድምፁ ሞገድ ግፊት ከፍ ባለበት ቅጽበት ከተጨመረ ሞገዱ ይበረታል። በቱቦ ውስጥ ፉጨት ነው፤ በሮኬት ውስጥ ግን ሞተሩን ይበጣጥሰዋል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሮኬት፣ የሳተርን 5፣ ኤፍ-1 የተባለው ሞተር ሲሠራ መሐንዲሶቹ በሚነደው ክፍል ውስጥ ትንንሽ ቦምቦችን ሆን ብለው እያፈነዱ፣ መናወጡ በራሱ ይረግብ እንደሆነ ይፈትኑ ነበር። የረዳቸው ነዳጁ በሚረጭበት ገጽ ላይ የተከሏቸው መከፋፈያ ግድግዳዎች ናቸው፤ ሞገዱ እንደ ልቡ እንዳይመላለስ...

ጠያቂ ሀ፦ መምህር፣ ይቅርታ፤ ቀዳዳውን ትናንት በመርፌ አስፍቼው ነበር።

መልስ፦ ቫልቩን ዝጋ። አፉን በአዲስ ሳትቀይር እንዳታቀጣጥለው። ሮኬቱ ይቆየን።