ካኩማ ላይ ያገኘሽው ማንን ነው?

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ ሽማግሌ ተልኮ የሠርጉ ቀንም ተቆርጧል። በቅርቡ ከቤተ ክርስቲያን 14 ሆነን ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለሚሽን ሄደን ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ወንድም አብሮን ነበር። ለካ እሱም እንደኔ የአሰላ ልጅ ነው። ልደታችን የሚለያየው በአንድ ቀን ብቻ ነው። ሳንነጋገር ለመጀመሪያው ምሽት ያዘጋጀነውም ያንኑ ማቴዎስ 25ን ነበር። በአምስተኛው ቀን ቡና ልንጠጣ የገባንበት ቤት ያሉት እናት «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው የያዙትን ጀበና አስቀመጡት። አሰላ ጎረቤቱ ነበሩ። በልጅነቱ የኳስ በረኛ እንደነበር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር አጫወቱኝ። አባቴ ካረፈ 16 ወሩ ነው፤ ያኔ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሩ አልሄድኩም። እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያ ወንድም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ውሃ ሰጠኝ። ከተመለስን ወዲህ በየቀኑ ይጽፍልኛል፤ «ይህ ሁሉ አጋጣሚ አይደለም፤ ጌታ ነው ያገናኘን» ይላል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለእጮኛዬ አልነገርኩትም። የእግዚአብሔርን ፈቃድ እየገፋሁ ይሆን?

መልስ፦ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ወንድሙ የነገርሽኝ የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተወለደ፣ ያዘጋጀውን ክፍልና ውሃ ማቀበሉን ነው። ሲናደድ እንዴት እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ስትቃወሚው ምን እንደሚል አንድ ቃል የለም። ስለ አባትሽ ግን ሲስቅ አፉን እንደሚሸፍን ሳይቀር አወቅሁ። ይህን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀላሉ ልደቱ ነው። 14 ሰው ባለበት ቦታ ልደታቸው የገጠመ ወይም በአንድ ቀን ብቻ የሚለያይ ሁለት ሰዎች የመገኘታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ቀኑ ልክ ይግጠም ከተባለም 23 ሰው ይበቃል። (ያውም በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደውን ስደተኛ ሁሉ ሳንቆጥር!) ከቡድናችሁ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቢገጣጠሙ ኖሮ ስቃችሁ ታልፉት ነበር። ማቴዎስ 25ም ያው ነው፤ ወደ ስደተኞች ካምፕ የሚሄድ ሰው «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለውን ካላሰበ ምን ሊያስብ ነው?

የአሰላው ነገር ትንሽ ይከብዳል። ግን እኛን አስቢን። ሁለት ሐበሾች በሰው አገር ከተገናኙ «አገርህ የት ነው? የትኛው ሰፈር? የማን ልጅ ነህ?» እየተባለ አንድ ነገር ሳይመዘዝ ጠያቂው አያርፍም። አሰላ ባይሆን አዳማ ይወጣል፤ አዳማም ባይሆን የአክስት ጎረቤት አይጠፋም።

የቡናዋ እናት ግን ሌላ ናቸው። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ቀድመው የገቡት የሱዳን ልጆች ነበሩ፤ ከዚያ ደርግ ሲወድቅ አገር ጥለው የወጡ ወገኖቻችን ተከተሉ። ዛሬም የኢትዮጵያውያኑ ቡና ቤቶች በካምፑ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ አንዲት የአሰላ ሴት እዚያ መገኘታቸው የዘመኑ ታሪክ ያመጣው ነው። ያንቺን አባት ማወቃቸው ግን በእውነት ብርቅ ነው። ይህን በቁጥር ላቃልልብሽ አልፈልግም።

አባትሽን አልቀበርሽም። አልቃሽ በሌለበት፣ ድንኳን ባልተተከለበት አገር በስልክ ተረድተሽ በነጋታው ሥራ የገባሽ ይመስለኛል። እርምሽን ያወጣሽው 16 ወር ቆይተሽ፣ ካኩማ ቡና ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደተንና አሮን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ቫንኩቨር አጠገብ፣ ካፒላኖ በሚባል ገደል ላይ የሚወዛወዝ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። እዚያ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ወንዶችን ጥያቄ እየጠየቀች ስልኳን ትሰጣለች፤ ሌሎችን ደግሞ ዝቅ ባለ፣ በማይነቃነቅ ድልድይ ላይ። በኋላ አብዝተው የደወሉላት ከሚወዛወዘው የተሻገሩት ሆኑ። ልባቸውን የመታው ገደሉ ነበር፤ እነሱ ግን ልጅቷ መሰለቻቸው። አንቺም ልብሽ ለአባትሽ ሲመታ ውሃ ይዞ አጠገብሽ የተገኘው እሱ ነው።

ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ግን መታጨትሽን ያውቃል? ካወቀ፣ በየቀኑ መጻፉ ከልደቱ ይልቅ ብዙ ነገር ይነግርሻል።

ጌታ አገናኝቷችሁ እንደሆነ መፍረድ የእኔ ሙያ አይደለም። ሆኖም መጽሐፉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም፤ ኦሪት ዘፍጥረት 24ን ክፈቺ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሩቅ አገር ሄዶ በውሃ ጉድጓድ አጠገብ ርብቃን አገኘ። ምልክቱን የለመነው ከመምጣቷ በፊት ነው፤ ካገኛት በኋላ ተቀምጦ የሚገጣጠም ነገር አልለቀመም። ቤቷ ሲገባ ደግሞ ማዕድ ቀርቦለት ነገሩን በቤተሰቡ ፊት ሳልዘረግፍ አልበላም አለ። ያንቺ ምልክት ሁለት ወገን ተነግሮት ሦስተኛው፣ ያውም ቀለበት ያሰረልሽ ሰው፣ ያልሰማው ምልክት ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ይኸው ይመስለኛል።

ለወንድሙ ለጊዜው መጻጻፉን እንዲያቆም በአንድ አጭር መልእክት ንገሪው። ማብራራት አይጠበቅብሽም። በዚህ ወር ሠርጉን አትሰርዢ፤ ለሌላም ቃል አትግቢ። ከካኩማ በፊትም በእጮኛሽ ላይ ያልተዋጠልሽ ነገር ከነበረ፣ ያ በራሱ የቆመ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ጋር ተነጋገሩበት፤ ሌላ ሰው መሐል መግባት አያስፈልገውም። እንቅልፍሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ ባለሙያ እይ።

ለእጮኛሽ ስትነግሪው ከወንድሙ አትጀምሪ። ከጀበናው ጀምሪ። ስለ አባትሽ ስታለቅሺ አንድ ቀን እንኳ አይቶሽ ያውቃል? ወንድሙንም አትደብቂው፤ በቦታው ሲደርስ ይመጣል። የእናትየዋን ስልክ ይዘሽ ከሆነ ደውዪላቸው፤ ያስታወሱትን ሁሉ ይንገሩሽ፣ ጻፊው። ከዚያ ለእናትሽ ደውዪና አባትሽ በረኛ እንደነበር ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት።