ዝናቡ ተራራው ላይ ሲጥል ከቤት እንውጣ ወይስ እንቆይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ ነው። አብረውኝ ያሉት የ78 ዓመት እናቴና ሁለት ልጆቼ ሲሆኑ፣ ባለቤቴ ሥራው ከከተማ ውጭ ነው። ባለፈው ክረምት «ጎርፍ እየመጣ ነው» ተብሎ ሁለት ጊዜ በሌሊት ወጣን፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃው ከግንቡ ሳያልፍ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ስንመለስ ደግሞ ቴሌቪዥናችንና የጋዝ ሲሊንደራችን ተወስደው ጠበቁን። እናቴ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፤ ከእንግዲህ «ሞት ከመጣም አልጋዬ ላይ ያግኘኝ» ብለው ቆርጠዋል። ቤት መቆየት ይሻላል ወይስ መውጣት? በምን ልወስን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለት ጊዜ በከንቱ ወጥቶ፣ በዚያ ላይ ተዘርፎ፣ ሦስተኛ ጊዜ ውጣ ሲባል ልብ እንደሚከብድ እናውቃለን። እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ግን መልሳችን መውጣት ነው፤ ያውም ውሃው ሳይታይ። ቤትዎ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ቅርብ ነው፣ እናትዎም ለመንቀሳቀስ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልንከራከርበት እንችል ነበር።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የሚሞላው በከተማው ላይ በሚጥለው ዝናብ ሳይሆን ከበላዩ ባሉት ተራሮች ላይ በሚወርደው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በስተደቡብ ደንገጎ በኩል ያሉት ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ያ ሁሉ ቁልቁለት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ስለሚያልቅና ተዳፋቱም የተራቆተ ስለሆነ፣ ላይ የጣለው ውሃ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ተሰብስቦ ይወርዳል። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ራሱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዚራ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ፀሐይ እየመታው፣ ደቻቱ የዛፍ ግንድ እየተሸከመ ሲወርድ ቆሞ አይቷል። ስለዚህ «እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም» የሚለው ንግግር ለመቆየት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውና በሺዎች የሚቆጠሩትን ያፈናቀለው የመጣው በሌሊት፣ አብዛኛው ሰው በተኛበት ሰዓት ስለነበረም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ብዙ ጊዜም ጠቅሟል። ሆኖም ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ቀን ምንም ቃል አልገባልንም። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ማለትም ገና በበልግ፣ ከተማው ውስጥ ጎርፍ ዳግመኛ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ጥንቃቄው የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኩለ ሌሊት ላይ፣ ልጅ እያለቀሰና መብራት ጠፍቶ፣ እንውጣ አንውጣ ብሎ መከራከር የውሳኔ ሰዓት አይደለም። ውሳኔው ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ እናትዎም ባሉበት መወሰን አለበት፤ በዚያ ሌሊት የሚቀረው የተወሰነውን መፈጸም ብቻ እንዲሆን። ለምሳሌ እንዲህ ብለው ይቁረጡ፦ ተራራው ላይ መብረቁና ጥቁሩ ደመና ከበረታ፣ ወይም ደንገጎ በኩል ያለ ዘመድ ደውሎ «ከባድ ዝናብ ነው» ካለ፣ ማንም መጥቶ ሳያስጠነቅቀን እናትየውና ልጆቹ ከፍ ያለ ሰፈር ወዳለው ዘመድ ቤት ይሄዳሉ። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፍ ማምጣት ከጀመረ ወይም ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና ያለ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ያኔ ዕቃ ማንሳት የለም፤ የቀረው ሁሉ እጁን ይዞ ይወጣል።

እናትዎን በተመለከተ፣ «በቤቴ ልሙት» የሚል አዛውንት ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሞትን ሳይሆን መንገላታትንና በሰው ፊት መሸከምን ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትተው ጉዞውን ያቅልሉላቸው። ክንድ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት የሰፈር ወጣቶች ግራና ቀኝ ይዘው እስከ መንገዱ ጫፍ ቢያደርሷቸው ምን ያህል ደቂቃ እንደሚፈጅ አንድ ቀን በጠዋት ይሞክሩት። ከመንገዱ ጫፍ ወዲያ ባጃጅ አለ፤ የባጃጅ ነጂውን ስልክ አስቀድመው ይያዙ። የግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሳምንት ያህሉን፣ ከመታወቂያና ከቤቱ ካርታ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ክረምቱን በሙሉ በር አጠገብ ይስቀሉት። ሞክረው ካዩት በኋላ እናትዎ ሐሳባቸውን ቢለውጡ አይገረሙ።

ስርቆቱን አቅልለን አናየውም። ሰው ንብረቱን እየጠበቀ የሞተባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ የሚያስቀረው ደግሞ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን የደረሰበት በደል ነው። ሆኖም አንድ ሰው ቤት ውስጥ አስቀርቶ ማስጠበቅ መፍትሔ አይሆንም። ይልቁንም እድራችሁ ወይም አፎሻችሁ ከክረምቱ በፊት ተሰብስቦ፣ ሰፈሩ ሲለቀቅ ውሃ በማይደርስበት የመንገዱ መግቢያ ላይ በተራ የሚቆሙ ሰዎችን ይመድብ፤ ሌባም የሚያልፈው በዚያው ነውና። ውድ ዕቃ ካለ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ዘመድ ቤት ቢያድር ምን ይጎዳል?

በከንቱ መውጣትዎን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። የከንቱ መውጣት ዋጋ አንድ እንቅልፍ አልባ ሌሊትና የባጃጅ ሒሳብ ነው።

ቤት መቆየት ትክክል የሚሆንበት ሰዓትም አለ። ሳይወጡ ዘግይተው፣ በጨለማ ውሃው መንገዱን ከሞላው፣ ወንዙን ወይም የሚፈስ መንገድን ተሻግረው አይውጡ። የሚፈስ ውሃ ቁርጭምጭሚት አልፎ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ያኔ የሚሻለው በአቅራቢያ ወዳለ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ፎቅ መውጣት፣ ያም ከሌለ ጣሪያ ላይ ሆኖ በ907 ቀይ መስቀልን ወይም በ991 ፖሊስን መጥራት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይመልከቱ፦ የግቢዎ የብረት በር ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር ውሃ በተለመደ በር ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ያህል ስለሚገፋ አይከፈትልዎትም። የሌሊት መቆለፊያውን ቁልፍ ከበሩ አጠገብ፣ ልጆቹም በሚያውቁት ቦታ ይስቀሉ። የመብራት ቆጣሪውን እግርዎ ውሃ ውስጥ ሳይገባ ያጥፉ፤ ከገባ አይንኩት።

ውሃው ሲጎድልም ለመመለስ አይቸኩሉ። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ከቆመ በኋላ የሚወድቀው አንዳንዴ ከቀናት በኋላ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ነው። ስንጥቅ ወይም ያዘመመ ምሰሶ ካዩ ሙያ ያለው ሰው ሳያየው ልጆቹን አያስተኙበት፤ የቧንቧውንም ውሃ ለጊዜው እያፈሉ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ከዚራ፣ አንድ ፎቅ ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ሲወጡ እኔም መውጣት አለብኝ? መኪናዬ ምድር ቤት ነው የሚያድረው።

መልስ፦ ቤትዎ ከወንዙ ዳር ካልሆነና የመሠረቱ ሁኔታ ደህና ከሆነ፣ ፎቅ ላይ መቆየት ለእርስዎ ከመውጣት ሊሻል ይችላል፤ በባዶ እጅ ለሚመጡ ጎረቤቶችም በርዎን ክፍት ያድርጉ። ለሁለት ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውሃ፣ ባትሪና የተሞላ ፓወር ባንክ ፎቅ ላይ ይኑር። ከወንዙ ዳር ከሆነ ግን ውሃው መሠረቱን ከሥር ሊቦረቡረው ስለሚችል ድንጋይ መሆኑ ብቻ አያስተማምንም፤ እርስዎም ከጎረቤቶችዎ ጋር ቀድመው ይውጡ። መኪናውን ገና ደመናው ሲከብድ ከፍ ወዳለ መንገድ ወስደው ያቁሙት፤ ውሃው ግቢ ከገባ በኋላ ግን ለመኪና ብለው ደረጃውን አይውረዱ።