ክንፉ የሚወድቅብህ ሙጫ ስላነሰው አይደለም

ወንድሜ፣ «ከልጄ ጋር ከሌጎ፣ ከሚገጣጠሙት የፕላስቲክ ጡቦች፣ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን እየሠራን ነው፤ ክንፉ ጎብጦ ጎብጦ ይወድቅብናል፤ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው ወይ?» ብለህ የጠየቅከውን ገና እንዳየሁ ነው መጻፍ የጀመርኩት። እባክህ ያንን ሙጫ እንዳትከፍተው። እኔ ከፍቼው ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ።

ስለ ቀለም አመራረጥና ስለ ማንዋል ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ በቀጥታ ወደ ክንፉ ልግባ።

1. ክንፉን ከጎን አትለጥፈው። ያንተም እንደኔ በሁለት ጉጥ ብቻ (ጉጥ የምለው ጡቡ አናት ላይ ያለችውን ክብ እብጠት ነው) ሆዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለኝ። ሒሳቡን እስቲ አስበው። የሌጎ ጉጥ ከጉጥ ያለው ርቀት 8 ሚሊሜትር ነው። የእኔ ክንፍ በአንድ በኩል 30 ጉጥ ነበር፣ ማለትም 24 ሴንቲሜትር። ይህን ሁሉ ርዝመት የያዘው 1.6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው! ያ እንዴት ይቆማል? ግራና ቀኝ ክንፍን ሁለት ነገር አድርገህ አትያቸው። አንድ ነገር ናቸው። ከጎኑ ቀዳዳ ያለውን የቴክኒክ ጡብ ውሰድና ከግራው ክንፍ አስነስተህ፣ ሆዱን አሳልፈህ፣ ቀኙ ክንፍ ውስጥ አስገባው። ይህን ነው ዘንግ የምለው። በእውነተኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም ሁለቱ ክንፎች ሆድ ውስጥ ባለ ጠንካራ አካል ነው የሚያያዙት። ተሳፋሪው ስለማያየው ነው እንጂ ከእግሩ ሥር ነው ያለው።

2. ጠፍጣፋዎቹን፣ ስስ ስሶቹን የሌጎ ፍሬዎች፣ አጠላልፋቸው። ግንበኛ ጡብ ሲደረድር መጋጠሚያን በመጋጠሚያ ላይ አያሳርፍም። አንተም እንደዚያ አድርግ። ሦስት ጠፍጣፋ ሲደራረብ ልክ የአንድ ጡብ ቁመት ይሆናል፤ 3.2 ሲባዛ በ3፣ 9.6 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ባለቀዳዳው ጡብ በጠፍጣፋዎቹ መሐል ተደብቆ ይቀራል፣ ከውጭ ማንም አያየውም። ለምን ጡብ አልክ ብትለኝ፣ ጣውላን አስታውስ። በሆዱ ሲያስተኙት ይጎብጣል፣ በጠርዙ ሲያቆሙት ግን ንቅንቅ አይልም። ክንፍህን በስስ ጠፍጣፋ ብቻ ከሠራኸው ያስተኛኸው ጣውላ ነው።

3. ሞተሮቹን ወደ ሆዱ አስጠጋ። እዚህ ጋ ነው የኔ ጣጣ የጀመረው።

ልጄ አራት ሞተር ካልሆነ አለች። እሺ ብዬ አራቱንም ሠራሁላት፣ ሁለቱን ወደ ክንፉ ጫፍ ገደማ ሰቀልኳቸው። ክንፉ ወዲያው ወረደ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ነበር። እውነተኛ አውሮፕላን አየር ላይ ሳለ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የሞተሩ ክብደት ደግሞ ወደ ታች እየሳበ ክንፉ ከመጠን በላይ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ያግዛል። የእኛው ግን መደርደሪያ ላይ ነው የሚቆመው። ከሥር የሚያነሳው አየር የለም። ክብደቱ በሙሉ ወደ ታች ነው፤ ሞተሩን ከሆዱ በእጥፍ ስታርቀው ሥሩ ላይ ያለው ጫናም እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ልጄ አለቀሰች። ማታ እሷ ስትተኛ ሱፐር ግሉ አወጣሁ። የክንፉን ሥር አጣበቅኩት፣ አንድ ሁለት ጠብታ ደግሞ በአብራሪው መስታወት ዙሪያ፣ እሱም ይላቀቅ ስለነበር። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት መስታወቱ ነጭ ሆኗል። ጥርት ብሎ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ነበር፤ አሁን ትንፋሽ የተነፈሱበት መስኮት መስሏል። ልጄ በአውራ ጣቷ ጠረገችው፣ አልለቀቀም። በፒጃማዋ እጅጌ ደገመችው። «አባዬ፣ ጭጋጉ አይሄድም እንዴ?» አለችኝ። የሙጫው ትነት ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ሲደርቅ አካባቢው ላይ ነጭ ነገር ይተዋል፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ይባስ ብዬ ላስለቅቀው ብዬ አሴቶን ነካ አደረግኩበት። የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀውን። ወንድሜ፣ ይህን በተለይ ልብ በል። የሌጎ ጡቦች የሚሠሩት በአብዛኛው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፣ አሴቶን ደግሞ ኤቢኤስን ያሟሟዋል። የሚያብረቀርቀው ነጭ ጡብ ጣቴ ሥር ለስልሶ ተጣበቀብኝ። የጣቴ አሻራ እስከ ዛሬ አለበት። ክንፉም ቢሆን አልተረፈም። ያጣበቅኩት ቦታ ያዘ፣ ጫናው ወደሚቀጥለው መጋጠሚያ ሄደና እዚያ ጋ ተገነጠለ። 41 ፍሬ ጣልኩ። ቆጥሬ ነው የጣልኩት።

ከዚያ መስታወቱን ለመተካት ወደገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መጫወቻ እኮ ነው፣ ለአንድ ፍሬ ይሄን ያህል? ሌላ ካርቶን ውሰድ» አለኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ለእሷ መጫወቻ ብቻ አልነበረም፤ ስንት ማታ አብረን የተቀመጥንበት ነው። ያ አነጋገር ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

አንተ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው ደጅ መጥናት የለብህም። ማንዋሉ መጨረሻ ገጾች ላይ የእያንዳንዱ ፍሬ ሥዕል ከነቁጥሩ አለ። ማንዋል ከሌለህ ጡቡን ገልብጠው፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ላይ ደቃቅ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። በዚያ ቁጥር ነጠላ ፍሬ ከሚሸጡ ሰዎች ትገዛለህ። ብሪክሊንክ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ በ2019 ራሱ የሌጎ ኩባንያ ገዝቶታል። እኔም መስታወቱን ያገኘሁት ከነጠላ ሻጭ ነው። ቀለሙ ይለይ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ልክክ ብሎ ገባ። አሮጌ ጡብ ብታገኝም አትናቀው፤ የዛሬው አገጣጠም በ1958 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት ነው፣ የያኔዎቹ ከዛሬዎቹ ጋር ይገጥማሉ።

እንደገና ስንሠራው ከዘንጉ ጀመርን። መጀመሪያ ዘንጉ፣ ከዚያ በላዩ ሆዱ፣ ከዚያ ክንፉ። ረጅሙ ቴክኒክ ጡብ 16 ጉጥ ስለሆነ አንዱ አይደርስም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠግተህ፣ ግማሽ ለግማሽ አደራርበህ በጥቁሩ ፒን፣ ቀዳዳው ውስጥ በሚገባው ማያያዣ፣ እሰራቸው። ጥቁሩ ጠበቅ ብሎ ይይዛል፣ ግራጫው ልል ነው፣ ለሚሽከረከር ነገር ነው የሚሆነው። ይህን ሳላውቅ ግራጫውን ተጠቅሜ አንድ ማታ ሙሉ አባክኛለሁ። አራቱም ሞተሮች አሉ፣ ልጄ አልተሸነፈችም፤ የውጭዎቹን ብቻ አሥር ጉጥ ያህል ወደ ሆዱ ሳብናቸው።

አውሮፕላኑ በጅራቱ ቁጭ ካለብህ የኋላ ጎማዎቹን ትንሽ ወደ ኋላ ውሰድ፣ አፍንጫው ውስጥ ደግሞ ከበድ ያለ ነገር ደብቅ። ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮትም አርቀው፣ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

የእኛው መደርደሪያ ላይ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ሳምንት ልጄ በማስመሪያ ለካችው። ጫፉ የወረደው 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

አሁን ክንፉን ከሥር በኩል ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ሆዱ ስንት ጉጥ ስፋት እንዳለውም ጻፍ። ዘንጉ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ምልክት አድርጌበት እመልስልሃለሁ።