ቅጠሉ የእግዚአብሔር፣ ክኒኑስ የማን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሚጥል በሽታ አለብኝ። በምኖርበት አገር ካናቢስ ለሕክምና ተፈቅዷል። ክኒኑ ስለሚያደነዝዘኝ ከሁለት ወር በፊት ትቼው የካናቢስ ዘይት ጀመርኩ። ሐኪሜ ሲጠይቀኝ ግን «ክኒኑን እየወሰድኩ ነው» እላለሁ። በዘፍጥረት 1፥29 እግዚአብሔር ዕፅዋትን ሰጥቶን የለም? ኃጢአት ነው እንዴ? ለንስሐ አባቴስ ልንገራቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ስካር የምታውቂውን አልደግምልሽም። ለመስከር እንዳልወሰድሽው ያስታውቃል። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «ቅጠሉን እግዚአብሔር ፈጠረው፣ ክኒኑን ሰው ሠራው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! አንዱ ቅጠል አገኘሁ ብሎ ክኒኑን ይጥላል፤ ሌላው ጸሎት ጀመርኩ ብሎ ይጥላል። ሁለቱም ክኒኑ እግዚአብሔር ከማያውቀው ቦታ የመጣ ይመስላቸዋል።

ለልብ ሕመም የሚታዘዘው ዲጎክሲን የሚወጣው ከዲጂታሊስ ተክል ቅጠል ነው። ያንኑ ቅጠል ዝም ብሎ የበላ ሰው ልቡ ሊቆም ይችላል። ቅጠሉን መድኃኒት ያደረገው መጠኑ ነው፤ መጠኑን ያገኘው ደግሞ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው አእምሮ ነው። ሲራክ 38 መድኃኒት ከምድር መፈጠሩን የሚነግረን ሐኪምን አክብር ካለ በኋላ ነው። የጠቀስሽው የዘፍጥረት ቃልም ስለ መብል ነው የሚናገረው፣ ስለ ሕክምና አይደለም።

በኤልሳዕ ዘመን አንድ ሰው ከሜዳ የዱር ቅል ለቅሞ ወጥ ውስጥ ከተተ። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ሲቀምሱት «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው ጮኹ (2ኛ ነገሥት 4)። ቅሉንም እኮ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው! ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሳይጠይቅ ነው የከተተው።

ካናቢስን እየናቅሁ አይደለም። ከእሱ የተጣራው ካናቢዲዮል እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። ግን ያኔ የተሞከረው ሕመምተኞቹ ከሚወስዱት ክኒን ጋር ተደርቦ ነው፣ በክኒኑ ፋንታ አይደለም። ካናቢዲዮል ክሎባዛም ከሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ እንቅልፍና ድንዛዜ ያበዛል፤ ስለዚህ መጠኑን ሐኪም ያስተካክላል። የሚጥል በሽታን ክኒን በድንገት ማቆም ደግሞ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ያ ይገድላል። እዚህ ላይ አላባብልሽም።

ቢሆንም ደንግጠሽ ዛሬውኑ በቀድሞው መጠን እንዳትጀምሪው። አንዳንዱ ክኒን ከተቋረጠ በኋላ እንደ አዲስ ከትንሹ ነው የሚጀመረው። ዛሬ ሐኪምሽ ጋ ደውይ። ማደንዘዙንም ንገሪው፤ ሊቀንስልሽ ወይም ሊቀይርልሽ ይችላል። ዘይቱን ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ።

ለንስሐ አባትሽ ስለ ዘይቱ ብትነግሪያቸው ይመክሩሽ ይሆናል። ኑዛዜ የሚያስፈልገው ግን ለሐኪሙ «እየወሰድኩ ነው» ያልሽው ነው።